ርካሽ ጋሪ ሲገዛ ከሣጥኑ በፊት ጎማውን ማየት

በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ በየመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ የሚታየው ነገር ለልማት ሠራተኞች አዲስ አይደለም። ማዳበሪያው ከዩኒየኑ መጋዘን በከባድ መኪና ተጭኖ እስከ ቀበሌው ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ግን መኪና የሚገባበት አይደለም። አህያ ያለው በአህያው ይጭናል፤ የሌለው ይከራያል ወይም ጎረቤቱን ይለምናል፤ ሁለቱም ያልሆነለት ደግሞ ከረጢቱን ፈትቶ ለሁለት ይከፍልና ባልና ሚስት ተሸክመውት ይሄዳሉ። በመኸር ጊዜ ይኸው ሸክም በተራው ይደገማል። ነዶው ከማሳ ወደ አውድማ፣ እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራም ወደ ወፍጮና ወደ ገበያ በጀርባ ይጓዛል። ስለ ምርጥ ዘር፣ በመስመር ስለ መዝራትና ስለ ማዳበሪያ መጠን ብዙ ጽፈናል። ስለ ሸክም የጻፍነው ግን ጥቂት ነው፤ ይህም የእኛው ጉድለት ነው።

ከልማት ሠራተኞችና ከማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴዎች ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ «ጎኑ የሚታጠፍ፣ ርካሽና ቀላል ጋሪ የት ይገኛል? ዋጋውስ ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አጀማመሩ ግን ትክክል አይመስለንም። የአንድ ጋሪ ዋጋ በተገዛበት ቀን በደረሰኝ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም። ጋሪው ሦስት ክረምት እስኪያልፍ ድረስ የሚበላው ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ኩሽኔታና ብየዳ ሁሉ ዋጋው ነው። ከዚህም ሌላ ቆሞ የሚውልበት ቀን ዋጋ አለው። በዚህ ጽሑፍ የጋሪ አሠራር መመሪያ ለመስጠት አላሰብንም፤ በግዢና በአያያዝ ረገድ ያለንን አስተያየት ብቻ እናቀርባለን።

አስተያየታችን ከየት እንደመጣ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አንድ ማኅበር ለአባላቱ አገልግሎት አራት የአህያ ጋሪዎች ገዛ። ጋሪዎቹ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ፣ ሣጥናቸው ከላሜራ የተሠራ፣ ሦስቱም ጎናቸው በማጠፊያ የሚከፈት፣ ለዓይን የሚያምሩ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ስንመለስ ሁለቱ ከመጋዘኑ ጀርባ ቆመዋል። አንደኛው ጎማው ከፈነዳ አምስት ወር ሆኖታል፤ ልኩ በወረዳው ከተማ አይገኝም። የሁለተኛው ኩሽኔታ ተበልቶ ጎማው እየተወላገደ አክስሉን ፍቆታል። ሦስተኛው ይሠራል፤ ማጠፊያዎቹ ግን ከላሜራው ጋር ተገንጥለው ጎኑ በገመድ ታስሯል። ደህና የነበረው አራተኛው ብቻ ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ አንድ አባል በራሱ ፈቃድ በየወሩ ግራሶ ይቀባው ነበርና ነው። ከሁሉ የከነከነን ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ውኃና ዱቄት በጋሪ ማመላለስ የጀመሩ ሴቶች በሁለተኛው ዓመት እንስራና ከረጢቱን እንደገና በጀርባቸው አዝለው አገኘናቸው። ከመንገድ ዳር ስናነጋግራቸው አንዷ «ጋሪውማ ሪፖርት ላይ አለ አሉ» አለችን።

ጋሪ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በሻሸመኔና በሐላባ መንገዶች የአህያና የፈረስ ጋሪ ከሰው እኩል ይታያል፤ ውኃ፣ ሽንኩርት፣ አሸዋና ማገዶ ሲያመላልስ ይውላል። መሬቱ ሜዳ፣ አፈሩም በበጋ ደረቅ ስለሆነ ጋሪው እዚያ መስፋፋቱ አያስደንቅም። በደጋው በኩል ግን ዳገቱና የክረምቱ ጥቁር ጭቃ ከልክለውታል። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ ሥራ የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በበሬ የሚጎተት ጋሪ ለማስተዋወቅ ሞክሮ ነበር፤ ሆኖም በሰፊው ሳይለመድ ቀረ። ገበሬው በሬውን ለእርሻ የሚያሳድር ሲሆን፣ ከእርሻ የተረፈውን ጊዜ ደግሞ ለዕረፍቱና ለግጦሹ ይተውለታል። በሬውን በጋሪ ላይ ማድከም አለመፈለጉ ስንፍና አልነበረም። አህያዋ ግን ቀድሞም የጭነት ከብት ናት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ የሚያገናኙ የጠጠር መንገዶች በብዙ ወረዳዎች ስለተሠሩ፣ ጋሪ ቀድሞ የማይታሰብባቸው አንዳንድ የደጋ ቀበሌዎች ዛሬ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ስለሆነም ጥያቄው «ጋሪ ይሆናል ወይስ አይሆንም?» ከሚለው አልፎ «የትኛው ጋሪ፣ በየትኛው መንገድ፣ በማን እጅ?» ወደሚለው ደርሷል።

ገንዘቡ የት ላይ ይዋል

ጋሪ ሲገዛ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ሣጥኑን ነው። ሣጥን በማንኛውም መንደር ከባሕር ዛፍ ጣውላ ሊሠራ ይችላል፤ ቢሰበርም በግማሽ ቀን ይጠገናል። በመንደር የማይሠራው አክስሉ፣ ቸርኬው፣ ጎማውና ኩሽኔታው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ማኅበር ያለውን ሁሉ በእነዚህ ላይ አውሎ ሣጥኑን በራሱ አናጢ ቢያሠራ የተሻለ ጋሪ ያገኛል ብለን እናምናለን። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን የዚህ ግልባጭ ነው፤ አዲስ ላሜራና ቀለም በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ ይጫናል።

ከአሮጌ የቤት መኪና የተነቀለ አክስል በገበያ በብዛት ይገኛል፤ ጠንካራም ነው። ነውሩ ክብደቱ ነው። አክስሉና የሚሸከመው ብረት ሃምሳ ኪሎ ያህል ያለ ጥቅም ቢጨምር፣ አህያዋ በእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ከረጢት ማዳበሪያ በከንቱ ስትጎትት ትኖራለች ማለት ነው። እኛ የምንመርጠው ጎማዎቹ ብቻቸውን በየኩሽኔታቸው የሚዞሩበትን፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ ቀለል ያለበትን ዓይነት ነው። ይህን በጥሩ ሁኔታ የሚሠራ ቶርኖ ቤት በአቅራቢያ ከሌለ ግን የአሮጌ መኪናው አክስል መጥፎ ከተሠራ አዲስ ይሻላል፤ ኩሽኔታው በየከተማው ይገኛልና።

የጎማ ልክ ሲመረጥ አንድ ቀላል ደንብ አለ። የወረዳው ከተማ ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ በደጁ የተከመረው የትኛው ልክ እንደሆነ ማየት ነው። በአካባቢው ብዙ የሚሠራበት ጎማ ልክ ለጋሪውም ልክ ነው። ርካሽ ሆነው ከሩቅ የሚመጡ ትንንሽ ጎማዎች፣ በተለይም ለእጅ ጋሪ ወይም ለሞተር ሳይክል የተሠሩት፣ በጠጠር ላይ ከባድ ጭነት አይችሉም፤ ሲፈነዱም ምትክ አይገኝላቸውም። ደግሞም ትልቅ ጎማ ድንጋይና ቦይ ሲያጋጥመው ይወጣል፤ ትንሹ ይወድቅበታል። ግራር በበዛበት አገር እሾህ ከመነዳሪ እንደሚጨርስ የታወቀ ነው፤ በዚህ ምክንያት ብረት ጎማ የሚመርጡ አሉ። በጠጠር መንገድ ላይ ብቻ ለሚሄድ ጋሪ የብረት ጎማ ሊያገለግል ይችላል። ወደ ማሳ ለሚገባ ግን አፈሩን እንደ ቢላዋ ስለሚቆርጥ አንመክረውም።

አሁን ወደ መታጠፉ ጉዳይ እንምጣ። ጎኑ የሚታጠፍ ጋሪ ጥቅም እንዳለው አንክድም። ለፍግና ለአሸዋ ዙሪያው የተዘጋ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ለከረጢት ጠፍጣፋ መደብ ይበቃል፤ ለነዶና ለጭድ ደግሞ ጎኑ ወጥቶ ረጃጅም ቋሚዎች ቢተከሉበት ይሻላል። አንድ ጋሪ ሦስቱንም እንዲሆን ጎኑ መነሣት አለበት። ነገር ግን በስስ ላሜራ ላይ በብየዳ የተያዘ ማጠፊያ በጠጠር መንገድ መንቀጥቀጥ ከሁሉ አስቀድሞ ይገነጠላል። ጎኑ በማጠፊያ ከሚታጠፍ ይልቅ በቋሚ ብረቶች መካከል ወደ ላይ ተስቦ የሚወጣ ጣውላ ቢሆን ርካሽም ጠንካራም ነው፤ ጣውላው ቢሰበር ሌላ ጣውላ ይገባበታል።

የሚብሰው ደግሞ በመኪና ለማጓጓዝ እንዲመች ተብሎ የሚጎተትበት እጀታው ከመካከሉ የሚታጠፍ ዓይነት ነው። ጋሪው ቦይ ውስጥ ሲወድቅ እጀታው የሚጎብጥበት ስፍራ ልክ ያ መታጠፊያው ስለሆነ፣ የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው። ጋሪን አፈታትቶ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ መውሰድ ካስፈለገ እጀታው በብሎንና በዳዶ ከወለሉ ጋር የታሰረ ይሁን፤ እንደ ቢላዋ የሚታጠፍ አይሁን። ባጭሩ፣ ጭነቱን የሚከልለው ክፍል ቢታጠፍ ግድ የለም፤ ጭነቱን የሚሸከመውና የሚጎትተው ክፍል ግን መታጠፍ የለበትም።

ከመግዛት በፊት የሚደረገው ፈተና ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ጋሪውን አንድ ጎን በድንጋይ አስነሥቶ ጎማውን በእጅ ማሽከርከር ነው፤ ያለ ድምፅ ረጅም ጊዜ መዞር አለበት። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው፤ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ወይ ላልቷል ወይ አልቋል። ቀጥሎ በገመድ ከግራው ጎማ መካከል እስከ ግራው እጀታ ጫፍ፣ ከቀኙ ጎማ መካከል እስከ ቀኙ እጀታ ጫፍ መለካት ነው። ሁለቱ ልኬቶች ካልተካከሉ ጋሪው ዘወትር ወደ አንድ ወገን ስለሚስብ የአህያዋን አንድ ትከሻ ያቆስላል። በመጨረሻም ሦስት ኩንታል ጭኖ እጀታውን ማንሣት ነው። አንድ ሰው በአንድ እጁ ያለ ችግር ሊያነሣው ይገባል፤ ነገር ግን ሲለቀው ወደ ታች መውረድ እንጂ ወደ ላይ መነሣት የለበትም። በጣም ከከበደ ክብደቱ በአህያዋ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ወደ ላይ ከተነሣ ደግሞ ዳገት ላይ የሆድ ማሰሪያው አህያዋን ወደ ላይ ያንጠለጥላታል። ይህን ፈተና ሻጩ የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

አህያዋ የምትችለውን መቁጠር

በዚህ በኩል ብዙ ስሕተት ስለሚታይ ሰፋ አድርገን እንጻፍ። በጀርባዋ ሃምሳ ኪሎ የምትሸከም አህያ በሜዳና በደረቅ መንገድ ላይ በጋሪ ሦስት ኩንታል ትጎትታለች። ይህን ያየ ሰው ጋሪው ጉልበት የሚፈጥር ይመስለውና አምስትና ስድስት ኩንታል ይጭናል፤ ዳገቱንም ይረሳል።

የአገራችን አህያ ክብደት በአብዛኛው 120 ኪሎ ገደማ ነው። እንዲህ ያለች አህያ ለረጅም ሰዓት ሳትጎዳ ልትጎትት የምትችለው የክብደቷን አንድ አሥረኛ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ፣ ማለትም ከ12 እስከ 15 ኪሎ የሚሆን ኃይል ነው። ኃይሉን ለመገመት በጉድጓድ አፍ ላይ በተሽከርካሪ የተንጠለጠለ 12 ኪሎ ባልዲ በገመድ እየሳቡ ሳያቋርጡ መሄድን ማሰብ ይቻላል። ባዶው ጋሪ 100 ኪሎ፣ ጭነቱ 300 ኪሎ ቢሆን ጠቅላላው 400 ኪሎ ነው። ጎማው በደንብ በተነፋ ጋሪ፣ በደረቅና በጠነከረ ሜዳ መንገድ ላይ የሚያስፈልገው የመጎተት ኃይል ከጠቅላላው ክብደት መቶ እጅ ሦስት ያህል፣ ማለት 12 ኪሎ ነው። አህያዋ ልትችለው የምትችለው ልኩ ይኸው ነው። መንገዱ ልል አሸዋ ወይም የታረሰ እርጥብ መሬት ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ኃይል ወደ መቶ እጅ አሥርና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ 40 ኪሎ ይሆናል። በመቶ ሜትር አምስት ሜትር ብቻ የሚወጣ፣ እግረኛ እንደ ዳገት የማይቆጥረው መንገድ ላይ ደግሞ በ12ቱ ኪሎ ላይ ሌላ 20 ኪሎ ይጨመራል። አህያዋ ለጥቂት እርምጃ የመደበኛ ጉልበቷን እጥፍ ልታወጣ ትችላለች፤ ግማሽ ሰዓት ግን አትችልም። ስትቆም በዱላ ትመታለች፤ መቆሟ ግን በእልከኝነት ሳይሆን በሒሳብ ነው።

ከዚህ የምናወጣው ደንብ ግልጽ ነው። በጋሪው መንገድ ላይ ካለው ዳገት ከሁሉ የሚከብደው ጭነቱን ይወስናል እንጂ ሜዳው አይወስንም። እንዲህ ያለ ዳገት ካለ ወይ ከግርጌው ግማሹን አውርዶ ሁለት ጊዜ መመላለስ፣ ወይ ሁለት አህያ ጎን ለጎን መጥመድ ያስፈልጋል። ጭቃ በበዛበት ሐምሌና ነሐሴ ጥቁር አፈር ላይ ጋሪውን ማቆም ይሻላል። በዚያ ወቅት ጋሪ ስለማይሠራ ጋሪ አይጠቅምም ማለት ትክክል አይደለም። ማዳበሪያው በግንቦት፣ መኸሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ነውና ዋናው ሥራ በደረቁ ወራት ይወድቃል።

ስለ መጥመጃው እንጨምር። በገበያ ከጋሪው ጋር በነፃ የሚሰጠው የናይለን ገመድ ዕቃ ሳይሆን ዕዳ ነው፤ በሁለት ሳምንት ቆዳ ይልጣል። የደረት ማሰሪያው ቢያንስ አራት ጣት ስፋት ያለው፣ ከውስጡ በአሮጌ ብርድ ልብስ ወይም በሱፍ የተለበጠ ቆዳ ወይም ወፍራም ሸራ መሆን አለበት። ከፍ ብሎ ጉሮሮዋን ሊያንቃት፣ ዝቅ ብሎም የፊት እግሯን መራመጃ ሊይዝ አይገባም። በብዙ ጋሪ ላይ ጨርሶ የማናየው ደግሞ ከኋላ በታፋዋ ዙሪያ የሚያልፈው ማሰሪያ ነው። ጋሪው ቁልቁለት ሲወርድ የሚይዘው ይህ ብቻ ነው። ይህ ከሌለ ሦስት ኩንታሉ በሙሉ ወደ አንገቷ ይገፋታል፤ ሰውየውም እጀታውን ይዞ ወደ ኋላ እየተንጠለጠለ ለመያዝ ይሞክራል። የማሰሪያው ዋጋ ከአንድ ከመነዳሪ ዋጋ አይበልጥም፤ መንደሩ ውስጥ ያለ ቆዳ ሠራተኛ ይሠራዋል። አራት ዓመት ያልሞላት አህያ ለጋሪ ሥራ አትጠመድ፤ የከበደች አህያ በመጨረሻዎቹ ወራት ትረፍ። ሥራ ሲያበቃ የማሰሪያው ቦታ በእጅ ተዳብሶ ይታይ፤ ትኩስ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ ቁስል ሳይሆን ማሰሪያው ይስተካከል።

ጋሪው ምን ያመላልስ

ማኅበራት ጋሪ ሲገዙ በአእምሯቸው ያለው እህልና ማዳበሪያ ነው። እኛ በምርምር ሥራችን ምክንያት ከሁሉ በላይ የምንመኘው ፍግን ነው። የልማት ሠራተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው ከጓሮ የራቀ ማሳ ፍግ አያይም። በረት አጠገብ ያለው እንሰት፣ ጎመንና በቆሎ ይጠግባል፤ የራቀው ስንዴና ጤፍ ማሳ እያደር ይደኸያል። ምክንያቱ ዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ሸክም ነው። በሄክታር ስምንት ቶን በሰበሰ ፍግ ቢፈለግ፣ ለሩብ ሄክታር ሁለት ቶን ነው። በአህያ ጀርባ በሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ሲመላለስ አርባ ጉዞ ይሆናል። በሦስት ኩንታል ጋሪ ግን ሰባት ጉዞ ነው። አርባ ጉዞ ማንም አያደርግም፤ እኛም ብንሆን አናደርገውም። ሰባት ጉዞ ግን በሁለት ጠዋት ያልቃል። «ፍግ ተጠቀሙ» እያልን ለዘመናት ያስተማርነው ትምህርት በጋሪ እጦት ምክንያት በጓሮ ቀርቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በሞተር የሚሠሩ አማራጮችም አሉ። ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተር ከነተጎታቹ ከአህያ ጋሪ ብዙ እጥፍ ይጭናል። ለዩኒየን ወይም በኪራይ ለሚሠራ የወጣቶች ቡድን ሊያዋጣ ይችል ይሆናል፤ ነዳጅ፣ ሠልጣኝና መለዋወጫ ይፈልጋልና ለአንድ መሠረታዊ ማኅበር የመጀመሪያ ግዢ አድርገን አናቀርበውም።

የማን ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለሎሚ እውነት ነው። ጋሪ ግን ለሃምሳ ሰው ሲሆን ማንም ግራሶ አይቀባውም። ከላይ በጠቀስነው ማኅበር ጎማው የፈነዳው ጋሪ አምስት ወር የቆመው ገንዘብ ጠፍቶ አልነበረም። አንድ ከመነዳሪ ለመግዛት የሥራ አመራር ኮሚቴው መሰብሰብ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ መያዝ ነበረበት። ኮሚቴው በመኸር ጊዜ አልተሰበሰበም፤ ሲሰበሰብ ደግሞ ዋና ጉዳዩ የማዳበሪያ ዕዳ ነበር። ለትልቅ ግዢ የተሠራ ሥርዓት ለትንሽ ጥገና ሲውል ጥገናው ይሞታል።

ስለዚህ ማኅበሩ ጋሪ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገር እንዲወስን እንመክራለን። አንደኛው፣ ከጋሪው ጋር አብሮ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ አንድ ጥንድ ኩሽኔታ፣ አንድ ጣሳ ግራሶና መንፊያ ይገዛ። ሁለተኛው፣ በጉዞ የሚከፈል ትንሽ ኪራይ ተቆርጦ በአንድ ተጠሪ አባል እጅ ይቀመጥ፤ ተጠሪውም እስከ ተወሰነ ገንዘብ ድረስ ማንንም ሳይጠይቅ ገዝቶ ደረሰኙን በወሩ መጨረሻ ለሒሳብ ሹሙ ያስረክብ። በነፃ የሚሰጥ ጋሪ ለድኻው ያዘነ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ለድኻውም ለሀብታሙም አይኖርም። ተጠሪው በወር አንድ ጊዜ ጎማዎቹን አውልቆ ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ አጥቦ አዲስ ግራሶ ያግባ፤ ብሎኖቹን ያጥብቅ። ሥራው ከግማሽ ቀን አያልፍም፤ ስለዚህም የጉልበት ዋጋው ሊታሰብለት ይገባል። አንድ ሰው ያለ ዋጋ ለዘለዓለም በበጎ ፈቃድ ይቀባል ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም።

ሌላው ጉዳይ የሴቶቹ ነው፤ በዚህም ላይ ከአንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን ጋር አንስማማም። እነሱ «ጋሪ ቤተሰቡ ውስጥ ከገባ ጥቅሙ ለሁሉም ይደርሳል» ይላሉ። በተግባር ያየነው እንዲህ አይደለም። ጋሪና አህያ ባሉበት ቤት ገበያ ቀን ጋሪው ለኪራይ ይወጣል፤ ገንዘቡንም ባል ይይዘዋል፤ ውኃው ግን እንደ ወትሮው በእንስራ ነው። እንዲያውም አህያዋ ለጋሪ ስለተፈለገች ቀድሞ በአህያ የሚሄደው የወፍጮ እህል ወደ ሴቲቱ ጀርባ የተመለሰበት ቤት አጋጥሞናል። ስለሆነም የማኅበር ጋሪ ሲሆን ተራው በስብሰባ ላይ በቀን ተቆርጦ ይጻፍ፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ለውኃና ለወፍጮ ብቻ ይለይ። ተራውን የምትይዘው አባልም ከሴቶቹ መካከል ትመረጥ። ሃያ አምስት ሊትር የሚይዙ ስምንት ጀሪካኖች ሁለት ኩንታል ይመዝናሉ፤ ይህ የአራት ቤት ውኃ በአንድ ጉዞ ማለት ነው። ሣጥኑ ሲሠራ ጀሪካኖቹ ሳይንሸራተቱ በመደዳ እንዲቆሙ ሆኖ ቢለካ ወጪው አይጨምርም፤ ማንም ግን አስቀድሞ አይጠይቅም።

ግዢው በጥር ወይም በየካቲት እንዲሆን እንመክራለን። በዚያ ጊዜ እህል ተሽጦ በማኅበሩ እጅ ገንዘብ አለ። ከግንቦት በፊትም ጋሪውን ጭኖ ለመፈተንና አህያዋን በባዶ ጋሪ ለማለማመድ ጊዜ ይተርፋል። አህያ በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ጋሪ፣ በሁለተኛው አንድ ኩንታል እየተባለ ትለመድ፤ በጀመረችበት ቀን ሦስት ኩንታል የተጫነባት አህያ ጋሪ በጠራች ቁጥር ትሸሻለች።

ለልማት ሠራተኞች የምናቀርበው አንድ ልመና አለን። በወር ሪፖርታችሁ ላይ የተሰራጨውን ጋሪ ቁጥር መጻፋችሁን እናውቃለን፤ ቅጹም የሚጠይቀው እሱኑ ነው። በቅጹ ጀርባ ላይ ግን የቆሙትን ጋሪዎች ቁጥርና ያቆማቸውን ዕቃ ስም ጻፉልን፤ ከመነዳሪ ይሁን ኩሽኔታ፣ ማጠፊያ ይሁን እጀታ፣ የጎማውንም ልክ ጨምሩበት። ጋሪው በተገዛ በስንተኛው ወር እንደቆመም ይመልከት። ለሚቀጥለው ዓመት የምናዘጋጀውን የግዢ ምክር የምንጽፈው ከዚያ ነው።